የአቻ ግፊት ምንድን ነው? ወሲባዊ ቪዲዮ ታዳጊዎች ስልክ ላይ የሚደርሰው በማን በኩል ነው?

የአቻ ግፊት ማለት አንድ ልጅ እኩዮቹ የሚያደርጉትን፣ ወይም ያደርጉታል ብሎ የሚገምተውን ነገር፣ ከእነሱ ላለመለየት ሲል ማድረጉ ነው። ግምቱ ብዙ ጊዜ ከእውነታው ይበልጣል። ክፍል ውስጥ ስለ ብልግና ቪዲዮ ጮክ ብለው የሚያወሩት ሁለት ሦስት ልጆች ናቸው። ሌላው ያላየውም እንዳይታወቅበት አብሮ ይስቃል። ዳር ቆሞ የሚሰማው ልጅ ታዲያ "ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ" ይላል።

ወላጆች ልጁ ራሱ ፈልጎ እንዳገኘው አድርገው ያስባሉ። ግን መጀመሪያ የሚያሳየው የሚያውቀው ሰው ሊሆን ይችላል፦ የክፍል ጓደኛ፣ የአጎት ልጅ፣ ታላቅ ወንድም። ለጥናት የተከፈተ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንዱ ቪዲዮ ይለጥፋል፤ ቴሌግራሙ በራሱ እያወረደ ጋለሪ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ከተደረገ ልጁ ሳይጠይቅ እዚያ ያገኘዋል። በዜንደር (ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል መላኪያ አፕ) ወይም በሚሞሪ ካርድ የሚተላለፈው ደግሞ ኢንተርኔት ስለማይነካ የትኛውም የኢንተርኔት ማጣሪያ አይይዘውም።

ቤተሰብም ሳያስበው በር ይከፍታል። ታላቅየው አዲስ ስልክ ሲገዛ አሮጌውን ሳያጸዳ ለታናሹ ይሰጣል፤ ፋይሉም፣ የቴሌግራም ቻናሉም፣ የጉግል አካውንቱም አብሮ ይሄዳል። አካውንቱ የአዋቂ ስለሆነ ዩቲዩብም ልጁን እንደ አዋቂ ያስተናግደዋል። ስልክ ከመስጠት በፊት ሚሞሪውን ማውጣት፣ ከአካውንቶቹ መውጣትና "ፋክተሪ ሪሴት" ማድረግ፣ ማለትም ስልኩን እንደ አዲስ ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያ በልጁ ትክክለኛ የልደት ዘመን አዲስ አካውንት ይከፈትለታል።

ለምሳሌ ጅማ ከተማ ላይ ሌላም ነገር አለ። በዙሪያዋ ካሉት ወረዳዎች፣ ከማና፣ ከደዶ፣ ከሰቃ ለትምህርት መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎች ማታ አጠገባቸው ወላጅ የለም። አብሯቸው የሚኖረው ልጅ ጓደኛም ቤተሰብም ነው፤ "አልፈልግም" ማለት ከማደሪያ ጓደኛ ጋር መቀያየም ይሆንባቸዋል። እነዚህን ልጆች ስልክ ላይ ከሚደረግ ቁጥጥር ይልቅ በየሳምንቱ ደውሎ በእርጋታ የሚጠይቅ ዘመድ የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ቴሌግራም ላይ መነካት ያለበት ይህ ነው። "ሴቲንግስ"፣ ቀጥሎ "ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ" ተገብቶ ቪዲዮና ፎቶ በራሱ እንዳይወርድ ይዘጋል፤ እዚያው "ሴቭ ቱ ጋለሪ" የሚለውም ይጠፋል። "ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ" ውስጥ ደግሞ ግሩፕ ውስጥ ማስገባት የሚችለው "ማይ ኮንታክትስ" ብቻ ይደረጋል። ይህ የማያውቀውን ሰው ያቆማል እንጂ ቁጥሩ የተመዘገበውን የክፍል ጓደኛ አያቆምም። አስቸጋሪውን ሰው "ኔቨር አላው" ውስጥ ለይቶ ማስገባት ይቻላል። የጉግል "ሴፍ ሰርች"ም ቢሆን የሚያጣራው የጉግልን ፍለጋ ብቻ ነው፤ ቴሌግራምን አይነካም።

ትልቁ ስህተት ቪዲዮ የተገኘ ቀን ይሠራል። ስልኩ ተነጥቆ፣ ልጁ ተገርፎ፣ ነገሩ ጎረቤት ፊት ይወራል። ልጁ ማየቱን አይተውም፤ ቀጣዩን በጓደኛው ስልክ ያያል፣ ሰው ቢያስፈራራውም ለቤቱ አይናገርም። ይልቅ ብቻውን ሲሆን "ማን ላከው? አንተስ ለሌላ ልከሃል? የሚያስፈራራህ ሰው አለ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ቪዲዮው ትወና መሆኑንና የእውነተኛ ፍቅር መለኪያ እንዳልሆነ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፤ አባት ወይም እናት ካፈሩ ልጁ የሚያከብረው አጎት ወይም አክስት ይንገሩት። እምቢ የሚልበትን ቃልም አብሮ መለማመድ ነው፦ "ስልኬን ቤት ያዩታል፣ እንዳትልክልኝ" የሚለው ምክንያት ጓደኞቹ ፊት ሳያፍር እምቢ እንዲል ይረዳዋል።

ምስሉ የራሳቸው የተማሪዎቹ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 መሠረት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሚታይበትን ወሲባዊ ምስል ማሰራጨት ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። "ለማስረጃ" ብሎ ለዘመድ ማስተላለፍም ምስሉን ያበዛዋል። የላኪውን ስምና ቁጥር፣ ቀኑንና የማስፈራሪያውን መልእክት እንዳለ አቆይቶ፣ ስልኩን ይዞ ከልጁ ጋር ወደ ፖሊስ መሄድ ነው።