የፊልም ክበብ፦ አብሮ ማየትና አይቶ መነጋገር

የፊልም ክበብ ማለት ሰዎች በተወሰነ ቀንና ቦታ ተሰብስበው አንድ ፊልም እስከ መጨረሻው ካዩ በኋላ፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ ስላዩት የሚነጋገሩበት ማኅበር ነው። መግቢያ የሚያስከፍል ክበብ ስላለ ከሲኒማ ቤት የሚለየው ክፍያው አይደለም። የዕለቱ ዝግጅት ግማሹ መብራት ከበራ በኋላ መጀመሩ ነው የሚለየው። ፈረንሳዮች «ሲኔ ክለብ» ይሉታል፤ ስሙ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች የገባውም በዚሁ አጠራር ነው።

ቃሉን ያስለመደው ፈረንሳዊው ጸሐፊና ዳይሬክተር ሉዊ ደሉክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920 መጀመሪያ ላይ በፓሪስ በዚህ ስም ጋዜጣ ማሳተም ጀመረ። በዚያው ሰሞን ጣሊያናዊው ሪቾቶ ካኑዶ «የሰባተኛው ጥበብ ወዳጆች ክበብ»ን አቋቋመ። ዛሬ ሲኒማን «ሰባተኛው ጥበብ» የምንለው ከእሱ ወርሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተው የለንደኑ የፊልም ማኅበር ደግሞ ሌላ ጥቅም ነበረው። የሚያሳየው ለአባላቱ ብቻ ስለነበረ በሕዝብ ሲኒማ ቤት የተከለከለውን ፊልም ማሳየት ይችል ነበር፤ የሶቪየቱ ዳይሬክተር የሰርጌይ አይዘንሽታይን «የጦር መርከቧ ፖተምኪን» በለንደን የታየው በዚህ መንገድ በ1929 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩን ከከተማ ምሁራን እጅ ያወጣው 16 ሚሊሜትር ፊልም ነው። ማሳያ መሣሪያው በአንድ ሰው የሚሸከም ሆነና ሐያሲው አንድሬ ባዛን ፊልም ይዞ ወደ ፋብሪካና ትምህርት ቤት ይሄድ ጀመር። የ16 ሚሊሜትር ትልቁ የተለመደ ጥቅል 44 ደቂቃ ያህል ነው የሚሄደው። አንድ መሣሪያ ብቻ ያለው ክበብ ጥቅሉን ለመቀየር መሀል ላይ መብራት ማብራት ግድ ነበረበት፤ ክርክሩም ብዙ ጊዜ እዚያው ይጀመራል።

ሕንድ ነጻ በወጣችበት እ.ኤ.አ. በ1947 ሳትያጂት ራይና ጓደኞቹ የካልካታን የፊልም ማኅበር መሠረቱ፤ ራይ የራሱን የመጀመሪያ ፊልም ያወጣው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። በአፍሪካ የክበቦቹ ፍሬ ትልልቅ ፌስቲቫሎች ሆኑ። የቱኒዚያውን የካርቴጅ ፌስቲቫል በ1966 የጀመረው ጣሀር ሽሪዓ የአገሩ ሲኔ ክለቦች ፌዴሬሽን መሪ የነበረ ሰው ነው። በ1969 በዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ የተጀመረው የፌስፓኮ ፌስቲቫልም መነሻው የከተማዋ የፊልም ክበብ አባላት ናቸው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የሁለቱንም ከፍተኛ ሽልማት ወስዷል፤ የካርቴጅን በ2008፣ የዋጋዱጉን በ2009።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በአዲስ አበባ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» አለው። ግድግዳ ላይ የሚሮጥ ጥላ የሌላ የማን ሥራ ሊሆን ይችላል? ይህችን የአገራችን የመጀመሪያ የፊልም ሒስ ብንላት ማጋነን አይሆንም። አጭር ናት፣ ቁርጥ ያለች ናት፣ ምክንያት ግን አልተጻፈባትም። ከዚያ ወዲህ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ አምፒር፣ አምባሳደርና የመርካቶው ሲኒማ ራስ ትውልድ አሳደጉ፤ ቀጥሎ ቪዲዮ ቤት መጣ። አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ በር ላይ ሳንቲም የሚሰበስብ ልጅ። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ወይም በሕንድኛ ስለሆነ ታሪኩን ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል፤ ቀድሞ ያየው ደግሞ የሚመጣውን ጮክ ብሎ ይናገራል። «አክተሩ አይሞትም» የሚለው ፍርድ የተገኘው ከዚያ ነው። ቀጣዩ ተመልካች በር ላይ ተሰልፎ ስለሚጠብቅ ተቀምጦ ማውራት ስለማይቻል ክርክሩ የሚካሄደው ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር።

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች ሲኒማ ቤቱን ሲሞሉት ወሬው ወደ ማኪያቶ ጠረጴዛ ተዛወረ። ስድስት ኪሎ የሚገኘው ጎተ ኢንስቲትዩትና ፒያሳ ያለው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ፊልም አሳይቶ ማወያየትን ለብዙ አዲስ አበቤ አስተዋውቀዋል። በ2006 ዓ.ም. የጀመረው የጉማ ፊልም ሽልማት በበኩሉ «የዓመቱ ምርጥ ማነው?» የሚለውን ሙግት ዓመታዊ አደረገው። በውጭ ካሉት ኢትዮጵያውያን ዘንድ ትልቁ ምሳሌ ኃይሌ ገሪማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ፊልሙ «ሳንኮፋ» አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ ሲያጣ እሱና ባልደረቦቹ በየከተማው አዳራሽ እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት፤ ከፊልሙ በኋላ የሚደረገው ውይይትም የሚቀጥለውን ከተማ ተመልካች የሚጠራ ማስታወቂያ ሆነ። በዋሽንግተን ዲሲ ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለው የመጻሕፍትና የፊልም መደብሩ እስካሁን በዚሁ ስም ይጠራል።

ሰዓቱና ክፍሉ

አዲስ ክበብ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በፊልም ምርጫ ሳይሆን በሰዓት ነው። 11 ሰዓት ላይ የተጀመረ የ100 ደቂቃ ፊልም 12፡40 ያልቃል፤ 45 ደቂቃ ቢወራበት 1፡25 ይሆናል። ታክሲ የሚያስጨንቀው ሰው 1 ሰዓት ላይ ቦርሳውን ማንሣት ይጀምራል፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይከተላል። ስለዚህ ቅዳሜ 9 ሰዓት ይሻላል፤ ችግሩ የመስኮቱ ብርሃን ነው። ስስ መጋረጃ አይበቃም፤ ጥቁር ጨርቅ ሁለት ድርብ አድርጎ መስቀል ያስፈልጋል። ከ100 ደቂቃ ያልበለጠ ፊልም መምረጥ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ብልህነት ነው። ቁጥሩ ከ12 እስከ 25 ሰው ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ30 ካለፈ ግማሹ ዝም ብሎ ይሄዳል።

2 ሜትር ስፋት ላለው ሸራ ወይም ነጭ ግድግዳ፣ በጨለማ ክፍል፣ ከ2,500 እስከ 3,000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያለው ፕሮጀክተር ይበቃል። ርካሾቹ ካርቶናቸው ላይ የሚጽፉት ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ በተለመደው ደረጃ የተለካ አይደለም፤ ከመግዛት በፊት አብርቶ ማየት ነው። ተራ ፕሮጀክተር 2 ሜትር ምስል ለመስጠት 3 ሜትር ያህል ርቀት ይፈልጋል። የምስሉ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 1.2 ሜትር ካልራቀ የኋላ ተቀማጭ ጽሑፉን ሳይሆን የፊተኛውን ሰው ጭንቅላት ያነባል። ምስሉ ሲጣመም በሪሞት ከማስተካከል መሣሪያውን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይሻላል፤ የሪሞቱ ማስተካከያ ምስሉን ቆርጦ ስለሚያሳንሰው ጥራቱ ይቀንሳል።

ከሁሉም በላይ የሚያዋርደው ድምፅ ነው። ላፕቶፑ በኤችዲኤምአይ ገመድ ሲገናኝ ድምፁንም ወደ ፕሮጀክተሩ ይልከዋል፤ እዚያ ያለችው ስፒከር ደግሞ የስልክ ያህል ናት። በላፕቶፑ የድምፅ ምርጫ ውስጥ ገብቶ መውጫውን ወደ ጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ መመለስና ከዚያ በገመድ ወደ ትልቅ ስፒከር መውሰድ ያስፈልጋል። ብሉቱዝ አይመከርም፤ ድምፁ ስለሚዘገይ ከንፈርና ቃል ይለያያሉ።

የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ሲከፈት ፊደል ፈንታ አራት ማዕዘን ሣጥኖች ወይም የማይነበቡ ምልክቶች ከተደረደሩ ከሁለት አንዱ ነው፦ ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የጽሑፍ ኮድ አልተቀመጠም፣ ወይም ማጫወቻው የተመረጠለት ፎንት ግዕዝ የለውም። ጽሑፉ ከድምፁ እኩል ካልሄደ መጀመሪያ ጠባዩን ማየት ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በ2 ሴኮንድ ብቻ የዘገየ ከሆነ በቪኤልሲ ማጫወቻ የ«ጂ» እና የ«ኤች» ቁልፎችን መጫን ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ትክክል ሆኖ እየቆየ የሚርቅ ከሆነ ግን ጽሑፉ የተሠራው በሴኮንድ 25 ምስል ለሚሄድ ቅጂ ሲሆን፣ የተያዘው ፊልም በ24 ገደማ የሚሄድ ነው ማለት ነው። ልዩነቱ በ100 ደቂቃ ውስጥ ከ4 ደቂቃ ይበልጣል፤ ቁልፍ በመጫን አይድንም፣ ሌላ ፋይል መፈለግ ነው። ይህን ሁሉ ከዋዜማው ቀን መሞከር ይገባል፤ የመጀመሪያውን 5 ደቂቃ ብቻ አይቶ መዝጋት ግን ጥፋቱን አያሳይም፣ መሀሉንና መጨረሻውንም መንካት ያሻል። በቴሌቪዥን የሚታይ ከሆነ ደግሞ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰው ማስተካከያ ይጥፋ፤ እሱ በርቶ ትልቁ ፊልም ሁሉ ተከታታይ ድራማ ይመስላል።

መብራት ሲጠፋ ስለሚሆነውም ቀድሞ ማሰብ ነው። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ከጠፋ በኋላ ማራገቢያው ጥቂት ደቂቃ መሥራት አለበት፤ ድንገት ሲቋረጥ አምፖሉ በራሱ ሙቀት ይጎዳል። 10 ደቂቃ የሚያቆይ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ፊልሙን ባያስጨርስም መሣሪያውን በሥርዓት ለማጥፋት ያስችላል።

ፈቃድን በሚመለከት፣ በዲስክ የተገዛ ወይም በወርሃዊ ክፍያ የሚታይ ፊልም ለቤት ነው እንጂ ለአዳራሽ አይደለም። በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ለአገር ውስጥ ፊልም ፕሮዲውሰሩን በደብዳቤ መጠየቅ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ዳይሬክተሩን ለውይይቱ መጋበዝም በዚያው ይያዛል። እሱ ባለበት ግን ሰው ስለሚተዛዘን ውይይቱ ወደ ምስጋና ይዞራል። ስለዚህ እንግዳውን ለመጨረሻው 15 ደቂቃ ብቻ የሚያስገቡ ክበቦች አሉ።

ወሬው

አወያይ ሥራው ከባዱ የሚሆነው መብራቱ በበራ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ነው። «እንዴት አያችሁት?» ብሎ መጀመር የተለመደ ነው፤ የተለመደውንም መልስ ያመጣል፦ «አሪፍ ነው»፣ «ይደብራል»፣ «አስተማሪ ነው»። የመጨረሻዋ በተለይ በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደች ናት። «መልእክቱ ምንድነው?» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም፤ ሌላው «ትዕግሥትን ያስተምራል» ይላል፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ የሚባል ነገር ያልቃል። ፊልሙ ስብከት ቢሆን ኖሮ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰው ማሯሯጥ ባላስፈለገው ነበር።

የሚሠራው ዘዴ ፍርዱን ለኋላ ማቆየት ነው። እያንዳንዱ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ትዕይንት ብቻ ይጥራ፦ ዓይኑ ላይ የቀረውን። ማብራሪያ አይጨምርም፣ ሌላውም አያቋርጠውም። 15 ሰው 15 ደቂቃ ይወስዳል፤ ሲያልቅ የትኛው ትዕይንት ሦስት አራት ጊዜ እንደተጠራ ይታወቃል፣ ውይይቱም ከእሱ ይጀመራል።

ለምሳሌ ክበቦች ደጋግመው የሚያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የጣሊያናዊው ዳይሬክተር የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነው። መጨረሻው ላይ ብስክሌቱ የተሰረቀበት አባት ራሱ ሊሰርቅ ሲሞክር ልጁ እያየው ይያዛል። «በጣም ያሳዝናል» የሚለው አስተያየት ትክክል ነው፤ ግን ከዚያ ወዴት ይኬዳል? «ባርኔጣውን ማን አነሣው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሰው ሲያስታውስ፣ በግርግሩ የወደቀውን የአባቱን ባርኔጣ አንሥቶ አቧራውን የሚያራግፈው ትንሹ ልጅ ነው። የብስክሌቱ ባለቤትም ሰውየውን የሚለቀው ልጁን ካየ በኋላ ነው። አሁን ወሬ መጣ፦ አንዱ «ልጁ አባቱን ይቅር ብሎታል» ይላል፣ ሌላዋ «ልጁ እዚያች ላይ አባት ሆነ፣ ይቅርታ አይደለም» ትላለች፤ ሁለቱም ወደ ባርኔጣው እየተመለሱ ይከራከራሉ። አባቱን ሆኖ የሠራው ሰው ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ እንደነበረ የሚነገረውም እዚህ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከተነገረ ሰው ፊልሙን ትቶ ትወናውን ሲመዝን ያመሻል።

ቀጥሎ ወደ አሠራሩ መግባት ይቻላል፦ ካሜራው የማን ጎን ቆሟል፣ ማጀቢያው መቼ ዝም አለ፣ ኤዲቲንጉ ምን ዘለለ። አወያዩ እነዚህን ሦስቱን አስቀድሞ በወረቀት ቢይዝ በቂ ነው፤ አሥር ጥያቄ ይዞ የመጣ አወያይ ፈተና ያደርገዋል። ለአንድ ንግግር ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

የአገራችን ክበቦች ልዩ ችግር የመናገር ቅደም ተከተል ነው። በክፍሉ ውስጥ አንድ ጋሼ ወይም አንድ መምህር ካለ ሁሉም ዓይኑን ወደ እሳቸው ያዞራል፤ እሳቸው «ፊልሙ ባህላችንን ይነካል» ካሉ በኋላ የ20 ዓመት ልጅ «እኔ ወድጄዋለሁ» አይልም። ማክበሩ ሳይቀር መፍትሔ አለው፦ ከታናሽ ይጀመራል፣ ታላቅ ይደመድማል። ሽማግሌ በመጨረሻ መናገሩ ከሥርዓታችን ጋር ስለሚስማማ ማንም ቅር አይለውም፤ ጋሼም የልጆቹን ከሰሙ በኋላ ሐሳባቸውን ሲያሻሽሉ ይታያል።

ሌላው በዳይ ቀድሞ ያየ ሰው ነው። ከፊልሙ በፊት «አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ» የሚል ከሆነ ያ አንድ ነገር መጨረሻው ነው። እሱን በትሕትና አስቁሞ በውይይቱ ላይ ጥሩ ሥራ መስጠት ይቻላል፤ በሁለተኛው ዕይታ ብቻ የሚታየውን ዝርዝር እንዲያሳይ ማድረግ።

ቆየት ያሉ ክበቦች አንድ ደብተር ይይዛሉ፦ ቀኑ፣ የፊልሙ ስም፣ ስንት ሰው እንደመጣ፣ ስንቱ እስከ ውይይቱ መጨረሻ እንደቆየ፣ መልስ ሳያገኝ ያደረው ጥያቄ። የመጡትና የቆዩት ቁጥር ልዩነት ለሦስት ሳምንት ከሰፋ የሚታየው መጀመሪያ ሰዓቱ ነው፣ ቀጥሎ አወያዩ፣ ፊልሙ ከሁሉም በኋላ። ያደሩት ጥያቄዎች ደግሞ በዓመቱ የትኛው ፊልም ድጋሚ ይታይ ለሚለው ምርጫ ይሆናሉ።