ጨረር ለአጥንት ሕመም፦ ዓባይን ተሻግሮ ለሚታከም የጎጃም ሰው

ካንሰር ወደ አጥንት ሲዛመት ሕመሙ ሌሊት ይብሳል፤ ጋደም ብለውም አያርፉበትም። ጎጃም ላይ ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው "ወገቤን ነው" በሚል ነው። ብርድ ነው ይባላል፣ ቅባት ይቀባል፣ ወጌሻ ይፈለጋል። በካንሰር የተበላ አከርካሪ ግን ሲታሽ ሊሰበር ይችላል። የጡት፣ የፕሮስቴት፣ የሳንባ፣ የኩላሊት ወይም የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰው አዲስ የጀርባ ሕመም ከጀመረው ከወጌሻ በፊት ሐኪም ይየው። እነዚህ አምስቱ አጥንት ይወዳሉ።

ለዚህ ሕመም ጥሩ ከሚሠሩት ሕክምናዎች አንዱ ጨረር ነው። እዚህ ላይ የሚሰጠው ካንሰሩን ነቅሎ ለማጥፋት ሳይሆን ሕመሙን ለማስታገስ ነው፤ ቤተሰብ ይህን ቀድሞ ካላወቀ በኋላ "ያን ሁሉ መንገድ ሄደን ምን አተረፍን?" የሚል ቅሬታ ይመጣል። ከመቶ ታማሚ 60 ያህሉ እፎይታ ያገኛሉ። ግን በማግስቱ አይደለም። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዚያ ይዘገያል። እንዲያውም ከሦስት ታማሚ የአንዱ ያህል ሕመም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብሳል፣ ከዚያ ይበርዳል። ስለዚህ ጨረር ተሰጠ ተብሎ የሕመም ማስታገሻው ሞርፊን አይቋረጥም። ሱስ ይሆንብኛል ብሎ ሞርፊን እየደበቀ የሚሰቃይ ሰው ብዙ ነው፤ ለካንሰር ሕመም በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ያ ስጋት ከሚባለው በጣም ያነሰ ነው። የሆድ ድርቀቱ ነው እውነተኛው ጣጣ፣ ለእሱም ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል።

አሁን ለጎጃም ሰው ወሳኙ ነገር። ጨረር የሚለካው በግሬይ ነው። ላልተወሳሰበ የአጥንት ሕመም፣ ማለትም አጥንቱ ካልተሰበረና ነርቭ ካልተጫነ፣ በአንድ ቀን 8 ግሬይ መስጠትና በአሥር የሥራ ቀን ከፋፍሎ 30 ግሬይ መስጠት ሕመምን በማስታገስ በኩል እኩል ናቸው፤ ይህ በብዙ አገሮች ተደጋግሞ ተፈትኗል። ልዩነቱ፣ በአንድ ቀን ከጨረሱት ከመቶ 20 ያህሉ በኋላ ድጋሚ ጨረር ያስፈልጋቸዋል፣ ከፋፍለው ከወሰዱት ደግሞ 8 ያህሉ። ከሆስፒታሉ አጠገብ ለሚኖር ሰው ይህ የምርጫ ጉዳይ ነው። አልጋ ተከራይቶ፣ አስታማሚ ይዞ፣ አዝመራውን ትቶ ለመጣ ግን አንድ ቀንና ሁለት ሳምንት አይገናኙም። ሐኪሙን "በአንድ ቀን ይበቃኛል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

መንገዱም ቀላል አይደለም። ከሃያ ዓመት በላይ በአገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒቱ፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይሰጣል፣ የጨረር ሪፈር ግን ብዙ ጊዜ ዓባይን ያሻግራል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለውን ቁልቁለትና ዳገት ደግሞ ጤነኛም አይወደውም። አከርካሪው የተጎዳ ሰው ከኋላ ወንበር ላይ እየተንገጫገጨ መሄድ የለበትም። ማስታገሻው ከመነሳት በፊት ይወሰድ፣ ቢቻል ጋደም ብሎ ይሂድ።

ሐኪሞቹን የሚያስጨንቃቸው የአጥንቱ ጎረቤት ነው። አከርካሪ ውስጥ ሕብለ ሰረሰር የሚባለው ከአንጎል የሚወርደው የነርቭ ገመድ አለ፤ በቀን 2 ግሬይ እየተሰጠ እስከ 50 ግሬይ ገደማ ይችላል ተብሎ ይታቀዳል፣ ከዚያ በላይ ሽባነት ሊያመጣ ይችላል። የአንድ ቀኑ 8 ግሬይ ከዚህ ወሰን በደንብ በታች ነው። ደረት ላይ ሲሰጥ የምግብ ቧንቧው ይቆጣና ለጥቂት ቀናት መዋጥ ያማል፤ ያን ሰሞን በርበሬ የበዛበት ወጥ ቀርቶ አጥሚትና አልጫ ይሻላል። ወገብ ላይ ሲሆን አንጀትና ኩላሊት ቅርብ ናቸው፤ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ይመጣል፣ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ቀደም ብሎ ይሰጣል። ሊኒየር አክስለሬተር የሚባለው ዘመናዊ የጨረር ማሽን ጨረሩን እንደ ዕጢው ቅርጽ ይቀርጸዋል። ከፍተኛ መጠን፣ ለምሳሌ 24 ግሬይ፣ በሁለት ቀን አነጣጥሮ የሚሰጥበትም መንገድ አለ፤ እሱ ግን ጥርት ያለ የኤምአርአይ ምስልና ሚሊሜትር የማይስት ዝግጅት ይፈልጋል።

ቀን የማይሰጥ ነገር አንድ ነው። እግር ከዛለ፣ ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ አልታዘዝ ካለ ዕጢው ሕብለ ሰረሰሩን እየተጫነ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ተሂዶ እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ ይጀመራል፣ ሪፈሩም በድንገተኛ ይጻፋል። በእግሩ እየሄደ ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ መሄዱን ይቀጥላል። እግሩ ከከዳው በኋላ የደረሰ ግን መመለሱ ይከብዳል።

ማሽኑ ራሱ አያምም። ጠንካራ አልጋ ላይ ሳይንቀሳቀሱ ጥቂት ደቂቃ መተኛት ነው። ቀድሞ ቆዳ ላይ በቀለም ምልክት ይደረጋል፣ ሕክምናው እስኪያልቅም መልቀቅ የለበትም። ጸበል የሚጠመቁ ታማሚዎች እዚህ ላይ ይቸገራሉ፤ የጨረር ቀን የሚቀራቸው ከሆነ ጸበሉን ጠጥቶ ጥምቀቱን ማዘግየት፣ ካልሆነም ለባለሙያው መንገር ነው። ቆዳውም በሳሙና አይፈተግም። ጨረሩ ሰውነት ውስጥ አይቀርም፣ እናት ከማሽኑ ወርዳ ልጇን ብታቅፍ ምንም አይሆንም።

ሲጨርሱ የሚሰጠውን ወረቀት አይጣሉ። የት ቦታ ላይ፣ ስንት ግሬይ፣ መቼ እንደተሰጠ ይጽፋል። ሕመሙ ከወራት በኋላ ቢመለስ ድጋሚ ጨረር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙ የሚወስነው ሕብለ ሰረሰሩ ከዚህ በፊት የወሰደውን ቆጥሮ ነው።