ክልላዊ የፈጠራ ሥርዓት ሲባል

ብዙ ሰው አዲስ መሥሪያ ቤት ወይም ቤተ ሙከራ ይመስለዋል። አይደለም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እነ ፊሊፕ ኩክ የተባሉ ምሁራን ያስፋፉት ይህ ሐሳብ የሚያየው ግንኙነትን ነው፤ ዩኒቨርሲቲው፣ ባለሙያው፣ ባንኩ፣ ገበሬውና መንግሥት እርስ በርስ ይማማራሉ ወይ?

ጣናን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀውን የእንቦጭ አረም ለማስወገድ በእጅም በማሽንም ተሞክሯል። ማሽን መግዛት ብቻውን ሥርዓት አይባልም። ሲሰበር መለዋወጫውን እዚያው ባሕር ዳር የሚሠራ ብረታ ብረት ቤት ካለ፣ ማሽኑ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ለምን እንደሚቸገር ዓሣ አጥማጁ ሲናገር መሐንዲሱ ሰምቶ ንድፉን ካሻሻለ፣ ለማሻሻያውም አበዳሪ ከተገኘ፣ ሥርዓት አለ ማለት ይቻላል። በታዳጊ አገሮች ፈጠራ በአብዛኛው ከሌላ የመጣን ነገር ለራስ ማስማማት ነው፤ ስለዚህ ሹማምንት የሚወዱት የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ቆጠራ እምብዛም አይነግረንም።