በተገደበ ኔትወርክ ላይ በብራውዘር የሚሠራ ቻት

በብራውዘር የሚሠራ ቻት ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ሳይጫን፣ ድረ ገጽ በመክፈት ብቻ መልእክት ለመለዋወጥ ያስችላል። ይበልጥ የሚፈለገው ፕሮግራም መጫን በማይፈቀድበት ወይም ፋየርዎሉ (በኔትወርኩ የሚያልፈውን የሚፈቅድና የሚከለክል ማጣሪያ) ጥቂት መውጫ ብቻ በሚተውበት ቦታ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላብ፣ በመሥሪያ ቤት፣ በቤተ መጻሕፍት፣ በሆቴል ዋይፋይ።

የችግሩ መነሻ ፖርት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ዓይነት ግንኙነት የተመደበው ቁጥር ያለው በር ነው። የቀድሞ የቻት ሥርዓቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፖርት ነበራቸው፦ አይአርሲ (በጋራ የቻት ክፍሎች የሚካሄድ የቆየ የጽሑፍ ቻት) 6667 (ሲመሰጠር 6697)፣ ኤክስኤምፒፒ 5222፣ ኤምኤስኤን ሜሴንጀር 1863፣ ኤአይኤም 5190። ጥብቅ ኔትወርክ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ውጭ የሚከፍተው የድረ ገጽ መንገድ የሆኑትን 80ንና 443ን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ሚቦ የተባለ ድረ ገጽ ይህን ክፍተት ሞልቶ ነበር፤ ኤአይኤምን፣ ያሁንና ኤምኤስኤንን በአንድ ገጽ አቅርቧል። ጉግል በ2012 ገዛውና በዚያው ዓመት አገልግሎቱ ተዘጋ።

ያርኮ ኦይካሪነን በ1988 በፊንላንዱ ኦውሉ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው አይአርሲም በዚሁ መንገድ ሄዷል። እንደ ኪዊ አይአርሲ ያሉ ገጾች በመሃል ጌትዌይ (አገናኝ ሰርቨር) ያስቀምጣሉ፤ ብራውዘሩ በ443 ከጌትዌዩ ጋር ይነጋገራል፣ ጌትዌዩ ደግሞ ከአይአርሲ ሰርቨሩ ጋር። በ2021 የተመሠረተው ሊበራ ቻት የተባለ የአይአርሲ ኔትወርክ የራሱ የድር መግቢያ አለው።

ገጹ ተከፍቶ ቻቱ ሲቀር

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፦ ገጹ በትክክል ይከፈታል፣ «በመገናኘት ላይ» እያለ ግን ይቆማል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ዌብሶኬት ነው። በ2011 ደረጃ የወጣለት ይህ ፕሮቶኮል እንደ ተራ የድረ ገጽ ጥያቄ ይጀምርና መስመሩ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ «አፕግሬድ» የሚል ጥያቄ ይልካል። ያረጀ ወይም ጥብቅ ፕሮክሲ (በኔትወርኩና በኢንተርኔቱ መሃል ሆኖ ጥያቄዎችን የሚያስተላልፍ ሰርቨር) ያንን ጥያቄ ቆርጦ ይጥለዋል። ግንኙነቱ በ443 ሲመሰጠር ፕሮክሲው ውስጡን ስለማያይ በአብዛኛው ያልፋል፤ ስለዚህ አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ መጀመሩን ማየት የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ለማጣራት F12ን ተጭኖ «ኔትወርክ» የሚለውን ክፍል መክፈት፣ ከዚያ ገጹን እንደገና መጫን ያስፈልጋል። ከዌብሶኬቱ መስመር ጎን 101 ከታየ መስመሩ ተከፍቷል። 403 ከሆነ ፕሮክሲው ወይም ሰርቨሩ ከልክሏል። ምንም ቁጥር ሳይመጣ ከተንጠለጠለ መልስ የሚሰጥ የለም፤ ፋየርዎሉ ጥያቄውን በዝምታ እየጣለው ሊሆን ይችላል። ለኔትወርክ አስተዳዳሪው «ቻት አልሠራም» ከማለት ይልቅ የድረ ገጹን ስም፣ ይህን ቁጥርና ዌብሶኬት በ443 እንደሚያስፈልግ መንገር ነገሩን በጣም ያፋጥናል። ቻት በመመሪያ በተከለከለበት መሥሪያ ቤት ግን ብራውዘር መጠቀሙ ክልከላውን አያነሳም፤ ፈቃድ መጠየቅ ይቀድማል።

ሌላው ችግር ዝም ባሉ ቁጥር የሚቋረጥ መስመር ነው። በመሃል ያለ ፕሮክሲ መልእክት የማያልፍበትን ግንኙነት ይዘጋል፤ ኤንጂንኤክስ የተባለው የሰርቨር ፕሮግራም ለምሳሌ ካልተስተካከለ በቀር ከጀርባው ካለው ሰርቨር 60 ሰከንድ ምንም ካልመጣለት ያቋርጣል። ጌትዌዩ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ፒንግ (መስመሩ እንዳለ የሚያሳይ አጭር ምልክት) ከላከ ችግሩ ይወገዳል። ይህ በተጠቃሚው እጅ አይደለም፣ የጌትዌዩ ባለቤት ሥራ ነው።

በላብ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ኮምፒውተር ከውጭ ሲታይ አንድ የአይፒ አድራሻ ሊኖረው ይችላል። የአይአርሲ ሰርቨሮች ከአንድ አድራሻ የሚቀበሉትን ግንኙነት ስለሚገድቡ ሠላሳ ተማሪ በአንድ ጊዜ ሲገባ የዘገየው ይመለሳል፤ አንዱ ቢታገድም ሌላው አብሮ ይታገዳል። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ለሰርቨሩ አስተዳዳሪዎች ጽፎ ገደቡን ማስነሳት ይሻላል። የተመዘገበ ስም ይዞ በኤስኤኤስኤል (ገና ሲገናኙ በስምና በይለፍ ቃል ማንነትን የማረጋገጫ መንገድ) መግባትም በአንዳንድ እገዳዎች ላይ ያሳልፋል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የተለየ ገደብ አለ። የአይአርሲ መልእክት ከላኪው ስምና ከቻነሉ (ከቻት ክፍሉ) ስም ጋር ተደምሮ ከ512 ባይት አይበልጥም፤ ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ሥርዓት ደግሞ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ለጽሑፉ 400 ባይት ያህል ቢተርፍ የሚበቃው ለ130 ፊደል ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈው ይቆረጣል፤ ቆራጩ ፊደል መሃል ላይ ካረፈ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ ይታያል። አሳጥሮ፣ በሁለት ሦስት መስመር ከፍሎ መላክ ይበጃል።

ማን ያያል?

አንዳንድ ድርጅቶች የተመሰጠረውን ግንኙነት መሃል ላይ ፈትተው እንደገና ያመሰጥራሉ። አድራሻው አጠገብ ያለውን ምልክት ነክቶ ሰርተፍኬቱን (የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጠውን ዲጂታል ማስረጃ) የሰጠው ማን እንደሆነ ማየት ይቻላል፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ካለበት በአይአርሲ የሚጻፈው ሁሉ ለእነሱ ይነበባል። ዋትስአፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም ላኪውና ተቀባዩ ብቻ እንዲያነቡት ሆኖ ስለሚመሰጠር በመስመር ላይ አይነበብም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ስክሪን የሚከታተል ፕሮግራም ካለ ግን ይህም አያድንም። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው የቴሌግራም ምስጢራዊ ቻት ደግሞ በብራውዘር አይገኝም።

ዋትስአፕና ቴሌግራም በብራውዘር ሲከፈቱ ስልኩ ላይ ካለው የመሣሪያዎች ዝርዝር ገብቶ በኪው አር ኮድ ማገናኘት ይቻላል። የጋራ ኮምፒውተር ከሆነ በግል መስኮት መክፈት ይሻላል። ታቡን መዝጋት መውጣት አይደለም፦ ሲጨርሱ «ሎግ አውት» ማለት፣ ቀጥሎም ከስልኩ ዝርዝር ውስጥ ያ ኮምፒውተር መጥፋቱን ማረጋገጥ፣ ካልጠፋ ከዚያው ከስልኩ ማስወጣት ያስፈልጋል።