ጣና ዳር መንጠቆ ይዘው ለሚጀምሩ፦ የሚወራውና እውነቱ

ባህር ዳር ተወልዶ አድጎ አሳ አጥምዶ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። እኔም እስከ ሰላሳ ዓመቴ ድረስ ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ጣና ዳር ቡና ጠጥቻለሁ፣ የተጠበሰ አሳ በልቻለሁ። መንጠቆ ግን በእጄ ነክቼ አላውቅም። ልጀምር ነው ስል ያገኘሁት ሁሉ መካሪ ሆነ። ከምክሩ ግማሹ ስህተት እንደሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ዛሬም ጀማሪዎች ያንኑ ሲቀባበሉት እሰማለሁ። አንዳንዱ ጊዜ ከማባከን አያልፍም። አንዳንዱ ግን አሳውን ከነዘሩ የሚያጠፋ ነው።

«ደህና ዘንግ ሳይኖርህ አትልፋ»

ከውጭ የመጣ፣ ክር መጠቅለያ ያለው ዘንግ ካላችሁ ጥሩ ነው። ከሌላችሁ ግን አገራችን ቀርከሃ አላት። እንጅባራ አካባቢ የሚበቅለውን የደጋ ቀርከሃ ሦስት ሜትር ያህል ቁረጡና አድርቁት። ጫፉ ቀጭንና ተጣጣፊ ይሁን። የዘንጉን ርዝመት ያህል ናይለን ክር፣ ለመንሳፈፊያ የጠርሙስ ቡሽ፣ ትንሽ እርሳስና አንድ መንጠቆ ጨምሩበት። በቃ፣ ጨርሳችኋል።

መንጠቆ ስትገዙ «ትልቁን ስጠኝ» አትበሉ። ቀረሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) አፉ ጠባብ ነው፤ ትልቁን መንጠቆ አይጎርሰውም፣ ትሉን ለቃቅሞ ይሄዳል። ቁጥሩም ያደናግራል። ከእነዚህ ተራ መንጠቆዎች ቁጥሩ የበዛው ትንሹ ነው። ለቀረሶ 8 ወይም 10 ቁጥር፣ ቅርፊት ለሌለው አሳ ለአምባዛ ደግሞ 2 ወይም 1 ቁጥር ይሆናል።

«አሳው ያለው መሃል ላይ ነው፣ ጀልባ ያስፈልጋል»

የጣና ስፋት ሰው ያታልላል። ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ቀረሶ ደግሞ ዳር ዳሩን ይወዳል። ደንገልና ፊላ ባለበት፣ ውሃው ከሰው ቁመት ብዙም በማይበልጥበት ቦታ ይመገባል። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ደንገሉ ጥግ ላይ መንጠቆ የጣለ ሰው ጀልባ ተከራይቶ መሃል ከገባው ያላነሰ ዕድል አለው። መራዊ አካባቢ ላላችሁም የቆጋ ግድብ አለላችሁ፤ እዚያም ቀረሶና አምባዛ አለ።

እዚህ ላይ ግን አደራ። ዳር ነው ብላችሁ እስከ ጉልበታችሁ ገብታችሁ አትቁሙ። የቢልሃርዝያ ተህዋስ የሚራባው ሣር ባለበት ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ነው፤ ከውሃው በቆዳ በኩል ይገባል። ደረቅ ድንጋይ ላይ ቁሙ። አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣልና በእሱና በውሃው መካከል አትገኙ። ወደ አባይ በረሃ ከወረዳችሁ የአዞ አገር ነው።

«ቡሹ ከተነቃነቀ ሳብ ነው!»

እኔን ያስተማሩኝ ጣና ዳር ከሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የሆኑ አንድ አዛውንት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የደንገል ታንኳ ሲሠሩና አሳ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ቡሹ ነቅነቅ ባለ ቁጥር እየጎተትኩ አራት ትል ጨረስኩ። አምስተኛውን ስሰካ እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ቆይ ልጄ፣ ገና እየቀመሰው ነው» አሉኝ።

ቡሹ ነቅ አለ። ዝም አለ። እንደገና ነቅ ነቅ አለ፣ ትንንሽ ክብ ሞገድ ሠራ። እጄን ይበላኝ ጀመር። እሳቸው አልለቀቁኝም። ከዚያ ቡሹ ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ ወዲያው ጥልቅ አለ። «አሁን!» ዘንጉን በእጅ አንጓ ብቻ ቀና ማድረግ ነበር። መዳፍ የምታህል ቀረሶ ወጣች።

«አሳ ማጥመድ የወይጦ ሥራ ነው» እያሉ ነገሩን ዝቅ ለማድረግ የሚጠቀሙበት ሰዎች ዛሬም አሉ። ይህ አባባል ያሳፍረኛል። ጣናን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? የውሃው ቀለም ሲለወጥ የትኛው አሳ ወዴት እንደሄደ የሚነግሩ ሰዎች ናቸው። ጀማሪ ከሆናችሁ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፣ በአክብሮት።

«አምባዛ የእባብ ዘመድ ነው»

አይደለም። አሳ ነው። ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖቱ ምክንያት የማይበላው ሰው አለ፤ ያ የእምነት ጉዳይ ነው፣ ይከበራል። መርዛም ነው የሚለው ግን ውሸት ነው። አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ከውሃ ወጥቶም ብዙ ይቆያል፤ ሞተ ብላችሁ አትዘናጉ። በሁለቱ ክንፎቹ ላይ ያሉት እሾሆች እጅ ይወጋሉ። ከጭንቅላቱ ኋላ፣ ጣታችሁን ከእሾሆቹ በስተጀርባ አድርጋችሁ ያዙት።

«ብርብራ የአባቶች ዘዴ ነው፣ ጉዳት የለውም»

ይህ ነው በጣም የሚያሳዝነኝ። ጎጃም ውስጥ በየወንዙ የሚደረግ ነገር ነው። ብርብራ የሚባለውን ዛፍ ፍሬ ደቁሰው ውሃው ላይ ይበትኑታል። ብዙም ሳይቆይ አሳው ወደ ላይ ይወጣል። አፉን ከፍቶ አየር ይጎትታል፣ በጎኑ ይዋኛል፣ ከዚያ ይገለበጣል። ልጆች በቅርጫት ይለቅሙታል። ሲያዩት ቀላል ነው፤ ዘንግ የለ፣ መጠበቅ የለ።

የሚሆነው ግን እንዲህ ነው። ፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አሳው ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ያግደዋል። በብዙ ኦክስጅን መካከል ታፍኖ ይሞታል ማለት ነው። መርዙ ደግሞ ትልቅና ትንሽ አይለይም። ለመበላት የደረሰው አንዱ ሲለቀም ጣት የማታህለው ጫጩት በብዛት ያልቃል። ጫጩቶቹ የሚመገቧቸው የውሃ ነፍሳትም አብረው ይሞታሉ። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ኩሬ ላይ ዘንግ ብትጥሉ ቡሹ ንቅንቅ አይልም።

አባቶች ያደርጉት ነበር፣ እውነት ነው። ያኔ ሰውም ጥቂት ነበር፣ ወንዙም ሙሉ ነበር። ዛሬ በመርዝም ሆነ በፈንጂ አሳ መያዝ በሕግ ክልክል ነው። የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ጭምር ነው። ከመጀመራችሁ በፊት የወረዳችሁን ግብርና ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃድና ስለ ክልሉ ደንብ ጠይቁ።

«የአሳ ወቅት ክረምት ነው»

ክረምት አሳ በብዛት ይያዛል፤ ይህ ትክክል ነው። ግን ለምን?

ጣና ውስጥ ነጭ አሳ የምንለው አንድ ዓይነት አሳ አይደለም። ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች ናቸው። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው አባይ አሳዎች ለይቷቸው እዚሁ ለብቻቸው ነው የተለያዩት። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ላይ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ ባለው ጊዜ፣ ሐይቁን ትተው እንደ ግልገል አባይ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። ጠጠር ባለው ንጹሕ ውሃ ላይ ሊወልዱ ነው የሚሄዱት። ወንዙ ሐይቁን በሚነካበት ጠባብ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው እንቁላል የተሸከመችውን እናት ነው የሚይዘው። ነጭ አሳ በጣና እየተመናመነ የመጣው በዋናነት በዚህ ነው። ጀማሪዎች፣ በእነዚህ ወራት ከወንዝ አፍ ራቁ። ከኅዳር በኋላ ውሃው ይጠራል፣ ለመማርም ይመቻል።

«ዘንግ ምን ያደርጋል፣ መረብ ግዛ» ለሚላችሁም መልስ አለኝ። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ የላስቲክ ክር መረብ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። ቢጠፋባችሁ ውሃ ውስጥ አይበሰብስም፣ ማንም ሳያነሳው አሳ ሲገድል ይኖራል።

አንድ ጠዋት አዛውንቱ የሌላ ሰው መረብ ሲያራግፉ አጠገባቸው ነበርኩ። አንዲት ቀረሶ ታንኳው ወለል ላይ ወደቀች። አፏ ተከፈተና ሰሊጥ የሚያህሉ ቢጫ ፍሬዎች ተንከባለሉ። ያኔ ነው ቀረሶ እንቁላሏን ከፈለፈለች በኋላም ጫጩቶቿን ጭምር በአፏ ይዛ እንደምታሳድግ ያወቅሁት። በዚያ ጊዜ ብዙም ስለማትበላ መንጠቆ እምብዛም አይነካትም። መረብ ግን አይምራትም። አዛውንቱ እሷን ቶሎ ወደ ውሃው መለሷት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከደንገሉ ስንጥቅ ውስጥ ቢጫዎቹን ፍሬዎች አንድ በአንድ ይለቅሙ ጀመር።