ዶውጎንግ ምንድን ነው? «ያለ ምስማር መገጣጠም» ማለት አይደለም

ስለ ጥንታዊ የቻይና ሕንፃ በተወራ ቁጥር አንድ አስተያየት ሰጪ ብቅ ብሎ «ዶውጎንግ ማለት ያለ አንድ ምስማር እንጨት የሚገጣጠምበት ጥበብ ነው፤ ስለዚህ የመሬት መንቀጥቀጥ አይነካውም» ይላል። የመጀመሪያው አባባል ስህተት ነው፤ ሌላውንም ሁሉ ያበላሻል። ሁለተኛው ደግሞ ከፊል እውነት ብቻ ነው።

በአንዱ እንጨት ምላስ አውጥቶ በሌላው ቀዳዳ ማስገባት ሱንማኦ ይባላል። ይህ በወንበርም፣ በበርም፣ በገበሬ ቤትም ያለ መገጣጠሚያ ነው። ዶውጎንግ ግን በምሰሶው አናትና በጣሪያው መካከል የሚቀመጥ፣ ከብዙ ቁራጮች የተደራረበ ተሸካሚ ነው። ቁራጮቹ በሱንማኦ ስለተያያዙ ብቻ ሁለቱ አንድ ነገር አይሆኑም። በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (1368–1644) ተራ ሰው በቤቱ ላይ ዶውጎንግ እንዳያደርግ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ዶውጎንግ ያለ ምስማር መግጠም ከሆነ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ቤቱን በምን አቆመው?

ምስማርም ቢሆን ነበረ። ሊ ጂዬ ያዘጋጀውና በ1103 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታተመው የመንግሥት የግንባታ ደንብ፣ ዪንግዛዎ ፋሺ፣ ለየሥራው የሚወጣውን ምስማር የሚተምን ክፍል አለው። ወራጁ ከአግዳሚው ጋር የሚያያዘው በምስማር ነው።

አሠራሩን ለመረዳት መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ ሞሰብ የተሸከመ ሰው ይታሰብ። የእጅ አንጓው በምሰሶው አናት ላይ የሚቀመጠው ትልቁ ኩብ፣ ሉዶው ነው። ጣቶቹ በመስቀለኛ ከተቦረቦረው ሉዶው ውስጥ ተሻግረው የሚወጡት ክንዶች፣ ጎንጎቹ ናቸው፤ አንዱ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይዘረጋል። የጣቶቹ ጫፎች ደግሞ ትንንሾቹ ኩቦች፣ ዶውዎቹ ናቸው፤ በነሱ ላይ ሌላ ክንድ፣ በዚያ ላይ ሌላ ኩብ እየተደረበ ይወጣል። ጣት በተዘረጋ መጠን ሞሰቡ ከክንድ ርቆ ይቀመጣል፤ ቀድሞ የሚዝለው ግን አንጓው ነው። በሕንፃውም እንዲሁ ነው። እንጨት በቁመቱ ሲጫኑት ጠንካራ ነው፤ በጎኑ ሲጫኑት ግን በቀላሉ ይጨፈለቃል፤ ሉዶውም ጭነቱን የሚቀበለው በጎኑ ነው። ስለዚህ የጥገና ባለሙያ መጀመሪያ የሚያየው ሉዶው መሰንጠቁንና መጨፍለቁን ነው።

መጠኑ በግምት አይወሰንም። በ1103ቱ ደንብ መለኪያው ጻይ ይባላል፤ አንድ ክንድ በወርዱ ሲቆረጥ የሚታየው ገጽ ሆኖ ቁመቱ 15 ፌን፣ ስፋቱ 10 ፌን ነው (ፌን የጻዩ ቁመት አንድ አሥራ አምስተኛ ስለሆነ ከደረጃው ጋር ይለዋወጣል)። ስምንት ደረጃዎች አሉት፤ ትልቁ በዘመኑ መለኪያ 9 በ6 ጹን፣ ማለትም 28 በ19 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ትንሹ 4.5 በ3 ጹን ነው። ወደ ውጭ የሚወጣው እያንዳንዱ እርምጃ በመደበኛው 30 ፌን ነው (ላይኞቹ ሊያጥሩ ይችላሉ)፤ እርምጃው ቢበዛ አምስት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ ክፈፍ፣ ማለትም ከግድግዳው አልፎ ስለሚወጣው የጣሪያ ጠርዝ ነው። ክፈፉ ርቆ ካልወጣ ዝናቡ የምሰሶውን እግርና የጭቃ ግድግዳውን ይበላል። በ857 በዉታይ ተራራ የተሠራው የፎጓንግ ገዳም ምሥራቃዊ አዳራሽ ክፈፉ ወደ 4 ሜትር ይወጣል፤ የዶውጎንጉ ከፍታም የምሰሶውን ግማሽ ያህላል። እዚያ ሥራውን የሚያጠናቅቀው አንግ ነው፦ አጋድሎ የተቀመጠ ረጅም እንጨት፣ ውጫዊ ጫፉ ክፈፉን የሚሸከም፣ ጭራው ደግሞ ከውስጥ በጣሪያው ክብደት የሚጫን። ክፈፉ ወደ ታች ሲስበው ጣሪያው ጭራውን ይይዘዋል። ይህን ያላየ ሰው ነው ዶውጎንግን «ጌጥ» የሚለው።

የመሬት መንቀጥቀጡ ነገር ከፊል እውነት አለው። ቁራጮቹ ሲፋተጉ ጉልበት ይበላሉ፣ ከባዱ ጣሪያም ቁልቁል ተጭኖ አንድ ላይ ያቆያቸዋል። ግን ሥራው የዶውጎንግ ብቻ አይደለም። በ1056 የተሠራው፣ 67 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የዪንግሺያን የእንጨት ግንብ 54 ዓይነት ዶውጎንግ አለው፤ ብዙ መንቀጥቀጥም ተርፏል። ሆኖም በ1930ዎቹ በየፎቁ የነበሩት፣ አግድም ድጋፍ ያላቸው የጭቃ ግድግዳዎች ተነሥተው በፍርግርግ በሮች ሲተኩ ጥንካሬው ቀነሰ፤ ዛሬ ሁለተኛው ፎቅ በግልጽ አጋድሏል። ዶውጎንጎቹ አሁንም እዚያው ናቸው፤ ብቻቸውን ሊያቀኑት አልቻሉም።

ከሚንግ ወዲህ ዋና ተሸካሚነቱ እየቀነሰ ሄደ። ቤጂንግ ውስጥ አሁን የቆመው፣ በ1690ዎቹ የታነጸው የቤተ መንግሥቱ ታይሄ አዳራሽ ዶውጎንጎች ትንንሽና እጅግ ብዙ ናቸው። በዚያ ዘመን አብዛኛው አንግ ጠፍጣፋ ክንድ ሆኖ ጫፉ ብቻ በምንቃር መልክ ይቀረጽ ነበር። (ጭራው እስከ ላይ የሚዘልቅ ሊዩጂን የሚባል ዓይነትም ስላለ በጅምላ መፍረድ አይገባም።) እንደገና የተገነቡትን ማየትም ጥንቃቄ ይሻል፦ በዉሃን በ1985 የተጠናቀቀው ቢጫ ሽመላ ግንብ አጽሙ ኮንክሪት ስለሆነ ከክፈፉ ሥር የሚታየው ዶውጎንግ ስለ ጥንቱ የጭነት አካሄድ ምንም አያስረዳም። እውነተኛ አንግ መሆኑን ለማወቅ ከውጭ ምንቃሩን ማየት አይበቃም፤ ጣሪያው በኮርኒስ ካልተሸፈነ ወደ ውስጥ ገብቶ ጭራው የት እንደሚያርፍ መፈለግ ነው።