የሻርልሯ አየር ማረፊያ እና የርካሽ በረራ ድጎማ ክርክር

ሻርልሯ በደቡባዊ ቤልጂየም፣ በፈረንሳይኛ ተናጋሪው የዋሎኒያ ክልል የምትገኝ የቀድሞ የከሰልና የብረት ከተማ ናት። ጎስሊ በተባለው ሥፍራ ያለው አየር ማረፊያዋ ከብራስልስ መሀል 46 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ «ብራስልስ ደቡብ ሻርልሯ» የሚለው የንግድ ስሙ መንገዱን ጥቂት ያሳጥረዋል ማለት ይቻላል። ይህ ማረፊያ በአውሮፓ የውድድር ሕግ ውስጥ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው፣ መንግሥታዊ የሆነ አየር ማረፊያ በርካሽ ዋጋ የሚያጓጉዝን አየር መንገድ ለመሳብ ምን ያህል መክፈል ይችላል የሚለው ጥያቄ በዋናነት የተፈተነው በእርሱ ጉዳይ ስለሆነ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥፍራው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የአውሮፕላን ፋብሪካ የተተከለበት የቆየ የበረራ መንደር ነው። የአካባቢው የመጨረሻ የከሰል ጉድጓድ በ1984 ተዘግቶ ሥራ አጥነት ሲበረታ፣ የክልሉ መንግሥት ተስፋውን በሁለት አየር ማረፊያዎች ላይ ጣለ፤ ጭነቱን ለሊዬዥ፣ መንገደኛውን ለሻርልሯ መደበ። ሊዬዥን የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት ክፍል የአውሮፓ ማዕከሉ ስላደረገው ለእኛም እንግዳ አይደለም። የሻርልሯን ማረፊያ የሚያስተዳድረው፣ በአብዛኛው በሕዝብ ገንዘብ የቆመው ድርጅት በ1991 ተመሠረተ። የአየርላንዱ ርካሽ አየር መንገድ ራያንኤር በ1997 ከደብሊን መብረር ጀመረ፤ በ2001 ደግሞ ሻርልሯን ከብሪታንያና ከአየርላንድ ውጭ የመጀመሪያው መነሻ ጣቢያው አደረገው።

ክርክሩን ያስነሣው በዚያው ዓመት መጨረሻ ከራያንኤር ጋር የተፈረመው ስምምነት ሲሆን፣ ከራያንኤር ጋር የተዋዋሉት ሁለት ነበሩ፦ የክልሉ መንግሥትና የአየር ማረፊያው ድርጅት። ክልሉ በአውሮፕላን ክብደት ይሰላ የነበረውን የማረፊያ ክፍያ ለራያንኤር በተሳፋሪ 1 ዩሮ አደረገለት፤ ይህም ከመደበኛው ታሪፍ በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር። ከዚህም በላይ በ15 ዓመት ውስጥ ክፍያውን ወይም የማረፊያውን የሥራ ሰዓት በራሱ ውሳኔ ቢለውጥ፣ አየር መንገዱ የሚያጣውን ትርፍ ለመካስ ቃል ገባ። ድርጅቱ በበኩሉ ሻንጣ የመጫንና የማራገፍ፣ መንገደኛ የመቀበልና መሰል የምድር አገልግሎቶችን በተሳፋሪ 1 ዩሮ ለመስጠት ተስማማ። ለሚከፈት ለእያንዳንዱ አዲስ መስመር 160,000 ዩሮ፣ ለአብራሪዎች ቅጥርና ሥልጠና 768,000፣ ለሠራተኞች ሆቴልና ቀለብ 250,000፣ ለቢሮ ዕቃ ሳይቀር 4,000 ዩሮ ተመደበ። ለማስታወቂያ ደግሞ ድርጅቱና ራያንኤር በጋራ ላቋቋሙት ኩባንያ ድርጅቱ በአንድ ተነሺ መንገደኛ 4 ዩሮ ያዋጣል።

ስሌቱን በአንድ በረራ ማየት ይቻላል። 189 መቀመጫ ያለው ቦይንግ 737 ሞልቶ ቢነሣ፣ አየር መንገዱ ለማረፊያው 189፣ ለምድር አገልግሎቱ 189፣ በድምሩ 378 ዩሮ ይከፍላል፤ ድርጅቱ በዚያው በረራ ለማስታወቂያ የሚያወጣው 756 ዩሮ ነው። ተሳፋሪው በቲኬቱ ላይ የሚከፍለው የመንገደኛ ክፍያ ለብቻው የሚገባ ስለሆነና ከሱቅ፣ ከምግብ ቤትና ከመኪና ማቆሚያ የሚገኘውም ገቢ ስላለ፣ ይህን ብቻ አይቶ ድርጅቱ ከስሯል ማለት አይቻልም። ራያንኤርም ግዴታ ገብቷል፦ ከ2 እስከ 4 አውሮፕላኖች በሻርልሯ ያሳድራል፣ እያንዳንዳቸው በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ ደርሰው ይመለሳሉ፣ ከ5 ዓመት በፊት ጥሎ ቢሄድ የተቀበለውን ይመልሳል። የአገሪቱ አየር መንገድ ሳቤና በዚያው ዓመት በኖቬምበር መክሰሩን ላስታወሰ፣ የዋሎኒያ ባለሥልጣናት ለዚህ ውል መሽቀዳደማቸው አያስገርምም።

የአውሮፓ ሕብረት ሕግ መንግሥት አንዱን ነጋዴ ለይቶ በመደጎም ውድድርን እንዳያዛባ ይከለክላል። መለኪያው በአጭሩ ይህ ነው፦ ትርፍ የሚፈልግ አስተዋይ የግል ባለሀብት በመንግሥቱ ቦታ ቢሆን ኖሮ ይህን ውል ይፈርም ነበርን? ይህን ሕግ የሚያስፈጽመው የሕብረቱ አካል፣ የአውሮፓ ኮሚሽን፣ በፌብሩዋሪ 2004 በሰጠው ውሳኔ፣ ክልሉ የማረፊያ ክፍያን የሚተምነው እንደ መንግሥት እንጂ እንደ ነጋዴ ስላልሆነ መለኪያው ለእርሱ አይሠራም፣ ድርጅቱም ቢሆን የወሰደው ኪሣራ ሊያስከትል የሚችል ዕድል የግል ባለሀብት የማይሞክረው ነው አለ። የማረፊያና የምድር አገልግሎት ቅናሾቹን ውድቅ አድርጎ፣ ለአዳዲስ መስመሮች የተሰጠውን ግን በገደብ ፈቀደ፤ ይመለስ የተባለው 4 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። ውሳኔው የተቀረው የአውሮፓ አየር መንገድ ሁሉ በሚጠብቀው መንፈስ የተጻፈ ቢመስልም፣ አንድ ድሃ ክልል ባዶ ማኮብኮቢያ ይዞ ከመቀመጥ ሌላ ምን ምርጫ እንደነበረው ብዙም አልመረመረም።

ራያንኤር ይግባኝ ብሎ በዲሴምበር 2008 ረታ። የአውሮፓ ሕብረት ፍርድ ቤት ክልሉና ድርጅቱ እንደ አንድ አካል ሊታዩ ይገባ ነበር፣ የማረፊያ ክፍያ መተመን በአዋጅ ቢደረግም ከአየር ማረፊያ ንግድ የማይነጠል ሥራ ነው በማለት ውሳኔውን ሻረ። ኮሚሽኑ መዝገቡን እንደገና ከፍቶ በኦክቶበር 2014 ከራያንኤር ጋር የተደረጉት ውሎች ድጎማ እንዳልነበሩ አመነ፤ ይልቁንም ድርጅቱ ራሱ ለክልሉ የሚከፍለው ኪራይ ከገበያው አንሶ በመገኘቱ 6 ሚሊዮን ዩሮ ያህል እንዲመልስ አዘዘ። ድርጅቱ ያቀረበው ክስ በ2018 ውድቅ ሆነ።

በሌሎች አገሮች ፍጻሜው ይለያያል። በፈረንሳይ የኤር ፍራንስ እህት ኩባንያ በከፈተው ክስ የስትራስቡርግ አስተዳደር ፍርድ ቤት በ2003 ተመሳሳይ ውል ሲሽር፣ ራያንኤር ራይን ወንዝን ተሻግሮ ወደ ጀርመኑ ባደን ማረፊያ ሄደ። በ2014 ኮሚሽኑ ራያንኤር በፈረንሳይ ፖ፣ ኒም እና አንጉሌም ማረፊያዎች ያገኘውን ጥቅም፣ በድምሩ ወደ 10 ሚሊዮን ዩሮ፣ እንዲመልስ አዘዘ። በ2019 ደግሞ ሞንፐልዬ ላይ በአንድ የቱሪዝም ማስተዋወቂያ ማኅበር በኩል የተከፈለ 8.5 ሚሊዮን ዩሮ ተጨመረ። በአንጉሌም የነበረው የለንደን በረራ ከሁለት ዓመት በላይ አልዘለቀም።

በ2014 የወጣው የኮሚሽኑ መመሪያ ድጎማን በመንገደኛ ብዛት ይገድባል። በዓመት ከ3 ሚሊዮን በታች ለሚያስተናግዱ ማረፊያዎች የሥራ ማስኬጃ ድጎማ ለ10 ዓመት የፈቀደ ሲሆን፣ ጊዜው ኋላ እስከ ኤፕሪል 2027 ተራዝሟል። የግንባታ ድጎማም ከ5 ሚሊዮን በላይ ለሆኑት በመርሕ ደረጃ የለም። በ2001 ዋዜማ በዓመት ከጥቂት መቶ ሺህ መንገደኛ የማያልፈው ሻርልሯ በ2010 የ5 ሚሊዮኑን ወሰን አልፏል፤ በ2024 ያስተናገደው ከ10 ሚሊዮን በላይ ነው።